ነቀለኝ

እንጅባራ ቢሮዬ የመጡ አንዲት እናት፣ ጎረቤታቸው ዲከረንስ እየተከለ ወደ እርሻቸው እንደገባባቸው ሲነግሩኝ «ልጄ፣ ነቀለኝ» አሉ። ዛፍ ተክሎ ሰው ነቀለ!

እኔ ግን ክሱ ላይ «ሁከት ፈጠረብኝ» ብዬ ጻፍሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 የሚሰማው ይህንን ነዋ። ይዞታው የተወሰደበት ወይም ሁከት የተነሣበት ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ በዚህ ቁጥር መጠየቅ አይችልም።

ዳንግላ ስሄድ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የኪራይ ቤት ስለሚሆን ቃሉም ይለወጣል፤ «ለቆ ያስረክበኝ» ነው። መልቀቅ የእጅ ነገር ነው። ማስለቀቅ የጨበጠን ጣት አንድ በአንድ መፍታት ነው።

መፈንቀል ደግሞ የድንጋይ ቃል ነው። ድጅኖው ከሥር ይገባል፣ ጉልበት ይጫነዋል፣ ድንጋዩ ከተኛበት ይነሣል። ለመንግሥትም የተዋስነው ይህንኑ ነው፤ ጄኔራሎቹ ግንቦት 8 ቀን 1981 የሞከሩትን «መፈንቅለ መንግሥት» እንለዋለን። በ2013 ከመተከል ሸሽተው ቻግኒ፣ ራንች መጠለያ የሰፈሩት ወገኖቻችን «ተፈናቃይ» ተባሉ። ቃሉን ባየሁት ቁጥር ቅር ይለኛል። ድንጋዩ ስም ወጥቶለት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ድጅኖውን የያዘው «አፈናቃይ» ግን እምብዛም አይጻፍም። ሰውየው እርዳታ ሲቀበልም፣ ልጅ ሲያስመዘግብም ተፈናቃይ ነው፤ ማን እንዳፈናቀለው የሚሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ሁለቱንም ቃል ይዟል፤ ለአርሶ አደሩ ከመሬቱ «ያለመነቀል»፣ ለዘላኑ «ያለመፈናቀል»። የመጀመሪያውን ጆሮዬ ይወደዋል፤ አራሽ ሥር ሰዷልና። ከብቱን ተከትሎ የሚጓዘውን ሰው ግን በተኛ ድንጋይ ቃል መጥራቱ አይዋጥልኝም። ጠበቃ ስለሆንሁ ግን ችሎት ላይ ይህን አንሥቼ አልከራከርም።

ክሱን ለእናታችን ሳነብላቸው «ሁከት» የምትለው ላይ አስቆሙኝ።

«እኔ መች ሁከት አልሁ? ነቀለኝ ነው ያልሁህ።»

ሕጉ የሚፈልገው ቃል ነው ብዬ ባስረዳቸውም ፊታቸው አልተፈታም። ዳኝነት የምንጠይቅበትን ክፍል እንዳለ ተውሁት፤ የነገሩን ታሪክ በምንተርክበት መስመር ላይ ግን ስርዝ አድርጌ «ከእርሻዬ ነቀለኝ» ብዬ ጻፍሁ። ያኔ አውራ ጣታቸውን ለቀለሙ ዘረጉ።