ከሲታነትና የደም ስኳር፦ የምሥራቅ ጎጃም አመጋገብና አጠጣጥ ዳሰሳ

በመርጡለ ማርያም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከጮቄ ተራራ ተዳፋት ጀምሮ እስከ ዓባይ በረሃ በሚወርድ ምድር ላይ የሰፈረ በመሆኑ፣ ገበታው የደጋውን ገብስና ባቄላ፣ የወይና ደጋውን ጤፍና ስንዴ፣ የቆላውን ማሽላ ያሰባሰበ ነው። ስለ ደም ስኳርና ስለ ክብደት የሚሰጠው የተለመደ ትምህርት ግን በአመዛኙ የተቀዳው በሽታው ከውፍረት ጋር ተያይዞ ከሚታይባቸው አገሮች ስለሆነ፣ ለዚህ ገበታ ሲነገር ግማሹ እንጂ ሙሉው አይሠራም።

ከእህል የሚገኘው ስታርች በአንጀት ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባለው ቀላል ስኳር ከተለወጠ በኋላ ወደ ደም ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ኢንሱሊኑም ስኳሩ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች ሕዋሳት እንዲገባ፣ የተረፈውም በጉበት እንዲከማች ወይም ወደ ስብ እንዲለወጥ ያደርጋል። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሕዋሳቱ አልታዘዝ ሲሉት ስኳሩ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሳይበላ ባደረ ሰው ደም ውስጥ በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥም ስኳር በሽታ ይባላል። አንድ ምግብ የደምን ስኳር ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የሚመዘንበት ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የተባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1981 በቶሮንቶ በዴቪድ ጄንኪንስና በባልደረቦቹ የቀረበ ነው።

ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሳ ቅርፊቱ ሳይለይ ስለሚፈጭ አሰሩን፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨውን የእህል ክፍል፣ ይዞ ይቀራል፤ ሊጡ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ የሚፈጠረው አሲድም ስታርቹ በዝግታ እንዲፈጭ ያግዛል። ይሁን እንጂ ችግሩ ከእንጀራው ይልቅ ከልኩና ከአጃቢው ነው፤ ሁለት እንጀራ በጥቂት ሽሮ የሚበላ ሰው የደም ስኳሩ፣ አንዱን እንጀራ በብዙ ክክ ወይም ምስር ወጥና በጎመን ከሚበላው ይልቅ ከፍ ይላል፤ ጥራጥሬው ፕሮቲንና አሰር ስላለው መፈጨቱን ያዘገየዋልና። ጤፍ ሲወደድ በቆሎ ወይም ሩዝ የሚቀላቀልበት እንጀራም እንደ ንጹሑ ጤፍ አይቆጠርም። ገብስ በበኩሉ ቤታ ግሉካን የተባለ፣ በውሃ የሚሟሟ አሰር ስላለው በሶ ለስኳር ሕመምተኛ የሚስማማ ስንቅ በሆነ ነበር፤ በከተማ ግን በስኳር እየተበጠበጠ መጠጣቱ ጥቅሙን ያስቀርበታል።

የአካባቢው አመጋገብ ከምንም በላይ በጾምና በወቅት ይመራል። የቤተ ክርስቲያኒቱን አጽዋማት ሁሉ የሚጠብቅ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀን ይጾማሉ፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ መቅረታቸው የስብን መጠን ይቀንሳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብ መዋሉም ለጤነኛ ሰው አይጎዳም። ነገር ግን ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ከጾመ የደም ስኳሩ አለቅጥ ሊወርድ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊከተል ይችላል። ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ከጾም ሊያሳርፉት እንደሚችሉ እየታወቀ ብዙ ሕሙማን ፈቃድ መጠየቁን እንደ ድካም ስለሚቆጥሩት፣ በዚህ ጉዳይ የካህኑ ቃል ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ይሰማል ማለት ስሕተት አይሆንም። ወቅቱም እንዲሁ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ገበሬው በብዙ ድካምና በጥቂት ምግብ ይከሳል፤ አዝመራው ገብቶ በጥር የሠርጉ ድግስ ሲመጣ ደግሞ ክብደቱ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል።

ከምግቡ እኩል መጠጡ ይመዘናል። በየወሩ ማኅበርና ዝክር የሚቀርበው ጠላ ከብቅል፣ ከአሻሮና ከጌሾ የሚጠነሰስ ሲሆን፣ በብቅሉ ኃይል የእህሉ ስታርች ወደ ስኳር፣ ስኳሩም ወደ አልኮል ይለወጣል። አንድ ግራም አልኮል 7 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ሲሰጥ ስታርችና ስኳር 4፣ ስብ ደግሞ 9 ስለሚሰጡ፣ ጠላ በጣሳ ጣሳ የሚጠጣ ሰው ሳያውቀው ሌላ ማዕድ ይጨምራል። አረቄ ስኳር የለበትም፤ ሆኖም በባዶ ሆድ ሲጠጣ ጉበት አዲስ ስኳር ሠርቶ ወደ ደም እንዳይለቅ ስለሚያግድ ለሕመምተኛ ከሁሉ የከፋው ነው። ጠጅ የሚጣለው ከማር ነው፤ አልኮል ለማይጠጡ እንግዶች የሚቀርበው ቀሪቦም በስኳር ስለሚጣፍጥ ከጠላ ይሻላል የሚለው እምነት ለስኳር ሕመምተኛ አይሠራም። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ሲይዝ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ቢመረጥ በቀን ከ25 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል።

ክብደትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት መካከል ከመቶ ስድስት የሚጠጉት ከፍ ያለ የደም ስኳር እንዳለባቸው፣ ከልክ በላይ ክብደት ያላቸውም ወደዚያው እንደሚጠጉ አሳይቷል። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው ግን ሰዎቹ አንድ ናቸው አያሰኝም። ከዓባይ ማዶ በጎንደር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን በአብዛኛው ድሆችና ከሲታዎች መሆናቸውን በማሳየት፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 መዝግቦት በ1999 የሰረዘው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር በሽታ እንደገና እንዲታይ ጠይቀዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ ይህን ዓይነት «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል።

ስለዚህ ከመርጡለ ማርያም ወይም ከሞጣ ገጠር ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ፣ አብዝቶ የሚጠማው፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚሸናና ያለ ምክንያት የከሳ ገበሬ ስኳሩ ሳይለካ «ምግብ አብዛ» ወይም «ወባ ነው» ተብሎ መሸኘት የለበትም።