ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐይቅ እስጢፋኖስ ውሎ መመለስ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም ዘመድ ከአዲስ አበባና ከዓረብ አገር ሲመጣ፣ «ልጆቹን ላሊበላ አሳይተን እንመለስ» የሚል ሰው ከቤተሰቡ አይጠፋም። ሐሳቡ ያምራል፤ መንገዱ ግን እሺ አይልም። ከደሴ እስከ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በጋሸና ዞሮ ላሊበላ እስኪደረስ ሌላ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ደርሶ መልሱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ በአንድ ቀን ልሞክረው ያለ ቤተሰብ ልጆቹ የሚያስታውሱት የመኪናውን ወንበር ብቻ ይሆናል። አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተረጋግቶ ለማየት ቢያንስ አንድ አዳር ያስፈልጋል።

የካይሮ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። የጊዛ ፒራሚዶች ያሉት ከከተማው ዳር ስለሆነ ቁርሱን በልቶ ይወጣል፣ አይቶ ይመለሳል። የደሴ ነዋሪ ግን እንዲህ ቅርብ የሆነ ጥንታዊ ስፍራ የለኝም ብሎ ቢያዝን ተሳስቷል። ከከተማው በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ።

የገዳሙን ክብደት ልጆች እንዲረዱት አዋቂው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ከደብረ ዳሞ የመጣው አቡነ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1248 እዚህ ሲደርስ ቦታውን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል አደረገው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋን የያዘው ይኩኖ አምላክም በዚሁ ገዳም እንደተማረ በትውፊት ይነገራል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን የያዘበት ዘመን ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈውና ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጠው ወንጌል፣ የተጻፈበት ዓመት በትክክል ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። በውስጡ የራሱ የኢየሱስ ሞዐ ሥዕል አለ። ላሊበላን ያነጹት ነገሥታት ሥልጣን ያበቃውና አዲሱ ሥርወ መንግሥት የተነሳው እንግዲህ ይህ ሰው በሕይወት ሳለ ነው ማለት ነው።

ቦታው በዚያን ጊዜ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቁ ዳር ሲደርስ ወደ ገዳሙ ለመሻገር ታንኳ መሥራት እንዳስፈለገው የዘመኑ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ጽፎታል። አሁን ግን ደሴቱ ከየብስ ጋር ስለተገናኘ በእግር ይገባል። ለታሪክ ግድ የሌለው ልጅ እንኳ «እዚህ የቆምንበት ውኃ ነበር» ሲሉት ጆሮውን ማቅናቱ አይቀርም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት ነገር ቀጥሎ ይመጣል፤ ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም። ይህን ሳያውቁ የመጡ እናትና ሴት ልጆች በሩ ላይ ቀርተው አባትና ወንድ ልጆች ሲገቡ የቀኑ ደስታ እዚያው ይደፈርሳል። ሥርዓቱ የሐይቅ ብቻ አይደለም። ደብረ ዳሞም፣ ጣና ላይ ያሉት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ናቸው። በግሪክ የአቶስ ተራራ ገዳማትም ሴት አያስገቡም፤ ወደዚያ የሚሄዱ ቤተሰቦች ግን ዘዴ አላቸው። ከኡራኖፖሊ ወደብ በመርከብ ተነስተው፣ ከዳርቻው 500 ሜትር ያህል ርቀው፣ ገዳማቱን ከባሕር ላይ አብረው ያያሉ። ለሐይቅም የሚበጀው ይህ አካሄድ ይመስላል። ወንዶቹ ጠዋት ገብተው አንድ ሰዓት ቆይተው ይውጡ፤ የቀረው ቀን ግን ሁሉም በሐይቁ ዳር አንድ ላይ የሚውልበት ይሁን። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚቀር፣ የሚቀሩትስ ምን እየሠሩ እንደሚቆዩ መነጋገር ያለባቸው ከቤት ሳይወጡ ነው። ወሎ ውስጥ አያት ሙስሊም፣ ምራት ክርስቲያን የሆኑበት ቤት ብርቅ አይደለምና ይህ ንግግር ለጁምዓ ሶላትም ለጾም ቀንም ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ ሐይቅ ደግሞ ዳግም ዝቅ ብላ 2,000 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ስለዚህ ከኮምቦልቻ የተነሳ ቤተሰብ በ55 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሙቀት ወደ ብርድ፣ ከብርድ ወደ ሙቀት ይሻገራል። ኮምቦልቻ ላይ በቲሸርት የወጣ ሕፃን የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ደሴ ሲገባ ሹራብ ይጠይቃል። መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ሐረጎን ከመውጣቱ በፊት ሆዱን ባይሞሉት ይሻላል፤ ፌስታልና ሎሚ ደግሞ ከእጅ አይራቁ። የራሱ መኪና የሌለው ቤተሰብ ሁለት ምርጫ አለው፦ ከደሴ መናኸሪያ በሚኒባስ እስከ ሐይቅ ከተማ ሄዶ ከዚያ ወደ ውኃው በባጃጅ መውረድ፣ ወይም ደግሞ ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ። ስድስት ሰባት ሰው ከሆኑና ከመካከላቸው አያት ካሉ ኮንትራቱ ይሻላል። ዋጋው ግን የጥበቃውን ሰዓት ጨምሮ ማታውኑ ተነጋግሮ መቆረጥ አለበት። «ደርሰን እንተሳሰባለን» ያለ ሰው ማምሻውን ከሹፌር ጋር ሲጨቃጨቅ ይታያል።

ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ቤተሰብ ፀሐይ ሳይበረታ ይደርሳል። ቆሎና ዳቦ ከቤት ይያዛል፤ ምሳው ግን እዚያው አሳ ቢሆን ይመረጣል። የሐይቁ ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ዝርያ ነው፤ ጥብሱም ጉላሹም ዛሬ የአካባቢው መለያ ሆኗል። የጾም ቀን ከሆነ አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ጠረጴዛው ላይ መነሳቱ ስለማይቀር፣ ቀኑን ረቡዕና ዓርብ አለማድረግ ሰላም ነው።

ውኃው የዋህ ይምሰል እንጂ ጥልቅ ነው፤ መካከሉ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። በላዩ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሳው አንከርክሃ ግን ይገባበታል። ጀልባ ላይ የሚወጣ ልጅ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይለብስ መውጣት የለበትም። ባለ ጀልባው ጃኬት ከሌለው ጉዞው ይቅር፤ ዳር ሆኖ ወፍ መቁጠርም ይበቃል።

ከዚያ ወዲያ ወደ ውጫሌ ልቀጥል የሚል አይጠፋም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተፈረመውና ኋላ ለዓድዋ ጦርነት ሰበብ የሆነው ውል የተዋዋሉበት ይስማ ንጉሥ ከደሴ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ታሪክ የሚወዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላሉት ቤተሰብ ግሩም ቦታ ነው። ከሐይቅ ጋር በአንድ ቀን መደረቡ ግን ለሕፃናት አይመከርም፤ ሌላ ቅዳሜ ይገባዋል። በክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ሐረጎ በጉም ስለሚሸፈን ጉዞውን አሳጥሮ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ እዚያው ደሴ ላይ ማየት ይሻላል።

ካለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት ወዲህ ማንም ቤተሰብ ሊዘለው የማይገባ አንድ ሥራ አለ። በመነሻው ዋዜማ ሐይቅ ከተማ ያለ ዘመድ ወይም በመስመሩ የሚሠራ ሹፌር ዘንድ ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል፤ መልሱ ካጠራጠረ ቀኑ ይለወጥ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ደሴ መግባትም ለድርድር አይቀርብም። ቀን ለመምረጥ ደግሞ፣ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዓመታዊ በዓል ኅዳር 26 ስለሆነ ያን ዕለት ምእመን ይበዛል። ለበረከት የሚሄድ ያን ቀን ይሂድ፤ ልጆቹን ይዞ ጸጥ ያለ ሐይቅ ማየት የፈለገ ግን ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለውን አንዱን ቅዳሜ ይያዝ።