የአብያታ ሐይቅ የውሃ ሚዛን

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚገኘው አብያታ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የሥነ ውሃ ባለሙያዎች ዝግ ሐይቅ ከሚሏቸው የሚመደብ ነው። ከዝናብ ሌላ ውሃ የሚያገኘው ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ፣ ከላንጋኖ ሐይቅ ደግሞ በሆራ ቀሎ ወንዝ ሲሆን፣ በተፈጥሮ የሚያጣው በዋናነት በትነት ነው። በዓመት ከገጹ የሚተነው ውሃ በላዩ ከሚዘንበው እጅግ ስለሚበልጥ ጉድለቱን የሚሸፍኑት እነዚህ ወንዞች ናቸው።

ገቢውን ከወጪው ጋር አነጻጽሮ የሐይቁን ለውጥ የሚያሳየው ስሌት የውሃ ሚዛን ይባላል። ዝግ ሐይቅ ገቢው ሲቀንስ፣ የሚተነው ከሚገባው ጋር እስኪስተካከል ድረስ ስፋቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ የአብያታ ዳርቻ ደግሞ ለጥ ያለ በመሆኑ ከፍታው ጥቂት ዝቅ ባለ ቁጥር ውሃው ከዳር ርቆ ይሸሻል።

የመጥበቡን ምክንያት ለማወቅ ግን አብያታን ብቻ መለካት አይበቃም። በመቂና በከታር ወንዞች የሚሞላው ዝዋይ ትርፍ ውሃውን ከነጨዉ በቡልቡላ በኩል ስለሚለቅ ለመስኖ የሚስማማ ሆኖ ቆይቷል፤ የአትክልት አምራቾችና የአበባ እርሻዎች በዙሪያው የበዙትም ስለዚህ ነው። ቡልቡላ የሚፈሰው የዝዋይ ከፍታ ከመውጫው ወለል ሲበልጥ ብቻ በመሆኑ፣ መስኖው የሚያስከትለው፣ ከዝዋይ ስፋት አንጻር ኢምንት የሚመስል የከፍታ መቀነስ የወንዙን ፍሰት ክፉኛ ያዳክማል። ዝዋይ እምብዛም ሳይለወጥ አብያታ የሚሸሸው በዚህ የተነሳ ነው።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለሶዳ አሽ ምርት ከአብያታ ውሃ በቀጥታ እየተሳበ በማትነኛ ገንዳዎች ሲደርቅ ቆይቷል። ውሃው ሲቀንስ የቀረው ጨው እየጠነከረ በመሄዱ ዓሣዎቹ አልቀዋል፤ በአጎራባቹ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አብያታ ላይ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ምግባቸውን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዋል። ይህ ጉዳት በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ መድረሱ እጅግ ያሳዝናል።

ስለዚህ የመስኖ ፈቃድ ሲሰጥ ከዝዋይ ምን ያህል ይቀዳል ከሚለው አስቀድሞ፣ ለአብያታ ሕልውና በቡልቡላ መፍሰስ ያለበት አነስተኛ መጠን፣ ማለትም ሥነ ምህዳራዊ ፍሰት፣ ሊወሰን ይገባል፤ መጠኑም ፓምፖች በሚበዙባቸውና ወንዙ በሚሳሳባቸው የበጋ ወራት ለየብቻ መሰላት አለበት።