የሚናገረውም የማይናገረውም ልጅ

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቦታ ናት። ደቀ መዝሙር ከመምህሩ አፍ የሰማውን ዜማ እየመላለሰ ያጸናባታል። ኦቲዝም ያለበት ልጅም አንዳንድ ጊዜ የሰማውን ቃል እንዲሁ ይመላልሳል፤ ሲጠማው ግን «ውኃ ስጡኝ» ማለት ይሳነው ይሆናል።

ሐኪሙ ሌኦ ካነር በ1943 (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ጠባይ ከጻፈ በኋላ ብዙዎች ነገሩን ከእናት ፍቅር መጉደል ቈጠሩት፤ ወቀሳው ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በእኛም አገር «እርግማን ነው» እየተባለ ስንቱ ልጅ በጓዳ ተደብቆ አደገ!

ደረጃውም አንድ አይደለም። አንዱ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ትምህርቱንም ይከታተላል፤ የሰንበቴ ጫጫታ ግን ያስጨንቀዋል። ሌላው ዕድሜውን ሙሉ የሚያጎርሰውና የሚያለብሰው ይሻል። ሁለቱ ወንድማማች በሆኑ ጊዜ ወላጅ ተናጋሪውን «አንተስ ደኅና ነህ» ብሎ ይዘነጋዋል፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ይመስለኛል። እርሱም ጭንቀቱን ሸሽጎ ይኖራልና።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለራሳቸው ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ለጋይንት እናት አዲስ አበባ ሩቅ ናት። ነገር ግን ልጇ ሲጠማው ባዶ ጣሳ አንሥቶ እንዲሰጣት በትዕግሥት ብታለማምደው ይቻላታል፤ በሰጣትም ጊዜ ሳትዘገይ ውኃውን ትቅዳለት።