ቁስለኛው ከታከመ በኋላ

ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በኦምዱርማን የሳብሪን ገበያ ላይ በወረደው የከባድ መሣሪያ ድብደባ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ቁስለኞቹ ወደ አል ናው ሆስፒታል ጎረፉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት በካርቱምና በአካባቢዋ አብዛኞቹን ሆስፒታሎች ሲያዘጋ፣ አል ናው ራሱ እየተመታ በሩን ክፍት አድርገው ከቆዩት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ኃላፊው ዶክተር ጀማል ኤልጣይብ እ.ኤ.አ. በ2025 የአውሮራን ሽልማት ተቀብለዋል።

ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተብሏል። እኛ የምናተኩረው እንዲህ ያለው ቀን ካለፈ በኋላ በሚመጣው ሰዓት ላይ ነው። ደሙ ታጥቦ፣ ቃሬዛው ተሰብስቦ፣ ሐኪሙም ነርሷም በድካም ሲዝሉ ምን ይደረጋል?

ወታደር መልሱን ያውቀዋል። ከግዳጅ የተመለሰ ክፍል መሣሪያውን ከወለወለ በኋላ ተሰብስቦ ውሎውን ይመረምራል። የአሜሪካ ጦር ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሥርዓት አደራጀው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ለጤና አደጋዎች የሚያገለግል መመሪያ አወጣበት። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ ምን ታቅዶ ነበር? ምን ተፈጸመ? ልዩነቱ ከምን መጣ? ነገ ምን ይለወጥ?

ችግሩ ያለው ከጥያቄዎቹ ላይ ሳይሆን ከማዕረጉ ላይ ነው። ደሙ እየፈሰሰ ከወረፋው ኋላ የቀረውን ቁስለኛ ያየው ቃሬዛ ተሸካሚው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዋናው ሐኪም አስቀድመው ከተናገሩ እርሱ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ንግግሩ ከታች ይጀመር እንላለን። ሂስ ሲባል በሰው ላይ መዝመት የሚመስላቸው አሉ፤ ከእነርሱ ስብሰባ ሠራተኛው የሚማረው ዝምታን ብቻ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የቀዶ ጥገና ማረጋገጫ ዝርዝር በ8 ከተሞች ሲሞከር የሞቱ ሕሙማን ቁጥር ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ወርዷል። ዝርዝሩ ቡድኑ በስም እንዲተዋወቅ፣ ሕመምተኛው ከክፍሉ ሳይወጣም ቆም ብሎ እንዲነጋገር ያዛል። ለውጡን ሁሉ ያመጣው ንግግሩ ነው አንልም፤ ያለ እርሱ ግን ዝርዝሩ ወረቀት ነው።

ይህ ጉዳይ ቤተሰብንም ይነካል። ሱዳን ከጦርነቱ በፊት፣ አገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የእናቶችን ሞት በቡድን የመመርመር ሥርዓት ዘርግተዋል። የሚፈለገው የሚቀጣ ሰው ሳይሆን የባከነው ሰዓት ነው፤ ወደ ሕክምና ለመሄድ እስኪወሰን በቤት፣ ከዚያ በመንገድ፣ በመጨረሻም በጤና ተቋሙ ውስጥ። የመጀመሪያውን መዘግየት ከካርድ ላይ ማንበብ አይቻልምና የቤተሰቡ ቃል ይጠየቃል። ባሏ በግዳጅ ላይ ሳለ ምጥ የያዛት እናት ስትሆን ደግሞ፣ ምጡ የጀመረበትን ሰዓት የሚናገሩት አማቷና ጎረቤቷ ናቸው።