ከቀሃ ወንዝ እስከ መቅደላ፦ ደባርቅ ላይ የፈሰሰው ደም

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። የደባርቅ ስም ሲነሳ ዛሬ ሁላችንም የምናስበው ጭላዳና ዋልያን፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን፣ ቁልቁል ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ነው። የደም ታሪክም እንዳለው የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔም ይህን ታሪክ ያገኘሁት ስለ ደባርቅ ሳጠና ሳይሆን፣ ጎንደር ላይ የሞተ አንድ እንግሊዛዊ እንዴት እንደተገደለ ስከታተል ነው።

ሰውየው ዋልተር ፕላውደን ይባላል። በ1843 እ.ኤ.አ. ከጓደኛው ከጆን ቤል ጋር ወደ አገራችን ገባ። በ1848 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በቀጣዩ ዓመት ከራስ አሊ ጋር ውል ተፈራረመ። ዘመኑ ተለወጠና የቋራው ካሣ ራስ አሊን ድል አደረጉ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም ደግሞ የስሜኑን ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ አሸንፈው፣ እዚያው ደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ፕላውደንም የአዲሱ ንጉሥ ወዳጅ ሆነ። የቆንስልነቱ መቀመጫ ምጽዋ ነበርና፣ የለንደን መንግሥት ወደ ሥራ ቦታህ ተመለስ ብሎ አዘዘው። በ1852 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ 1860፣ ታሞ ሳለ ጉዞ ጀመረ።

ከጎንደር ሳይርቅ፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ፣ ጋረድ የሚባል የሸፈተ ባላባት ከነጭፍራው ደረሰበት። ፕላውደን በጦር ተወግቶ ተማረከ። የጎንደር ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፤ ቁስሉ ግን አልሻረም፤ በመጋቢት ወር ጎንደር ላይ ሞተ።

ስለ ፕላውደን የሚያወሱ ብዙ ጽሑፎች ነገሩን እዚህ ላይ ይቋጩታል። እኔን ግን “ገዳዩስ ምን ሆነ?” የሚለው ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ።

ጋረድ ተራ ቀማኛ አልነበረም። የተሰለፈው ትግራይንና ስሜንን ይዞ አፄ ቴዎድሮስን ከሚወጋው ከአገው ንጉሤ ጎን ነው። ንጉሤ የደጃዝማች ውቤ ዘመድ ሲሆን ከፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ከሦስተኛው ናፖሊዮን ድጋፍ ለማግኘት መልእክተኞች የላከ ሰው ነበር። እንግዲህ ቀሃ ላይ የተወረወረው ጦር ያነጣጠረው በአንድ ታማሚ መንገደኛ ላይ ብቻ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። የተወጋው የንጉሡ ወዳጅ ነው፤ ስድቡም ለንጉሡ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ አፄ ቴዎድሮስ ሲዘምቱ የጋረድ ዱካ በወገራ በኩል ወደ ደባርቅ አቀና። ከንጉሡ ጎን ጆን ቤል ነበር። ቤል ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ እንደ አገሬው ሰው የኖረ የንጉሡ ባለሟል ነው፤ ሹመቱም ሊቀ መኳስ ነበር። የሊቀ መኳስ ግዴታ በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ የጠላትን ዓይን ወደ ራሱ መሳብ ነው። ቤል ይህን ግዴታ በነፍሱ ከፈለው። በ1853 ዓ.ም መግቢያ ላይ ሁለቱ ወገኖች ሲገናኙ ቤል ጋረድን ገደለ፤ የጋረድ ወንድም ቤልን ገደለ፤ ወንድምየውም እዚያው ወደቀ።

ደመኛው ሞቷል፤ ደሙ ተመልሷል። ነገሩ በዚህ ሊበቃ ይገባው ነበር። ነገር ግን የጋረድ ተከታዮች ደባርቅ ላይ በጅምላ ተገደሉ። ቁጥራቸውን አንዱ ጸሐፊ 500 ሲል ሌላው ከ1,500 በላይ ያደርሰዋል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ያስደነግጠኛል፤ አንድ ሺህ ሰው ኖረ አልኖረም እያልን ነው የምንነጋገረው።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር በየአውራጃው ተፈርዶበት የተሰቀለ ሰው ስሙም፣ የተከሰሰበትም፣ የፈረደበት ዳኛም በመዝገብ ሰፍሯል። የየመንደሩ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም እነዚያን መዝገቦች እያገላበጡ ፍርዱን ይመረምራሉ። በግንቦት 1868 እ.ኤ.አ. ማይክል ባሬት የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ በኒውጌት እስር ቤት ደጃፍ ተሰቀለ፤ በእንግሊዝ በአደባባይ የተሰቀለ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው። በእርግጥ ጥፋተኛ ነበር ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ለመከራከር የተቻለው ግን ስሙና የችሎቱ ቃል ስላልጠፋ ነው። የእንግሊዝ ቅጣት ከእኛ የራራ ነበር ማለቴ አይደለም። አገራችንም ሕግ አጥታ አልነበረም፤ ፍትሐ ነገሥቱ ነበር። ደባርቅ ላይ ከወደቁት መካከል ግን ማን ቀሃ ወንዝ ላይ እንደነበረ፣ ማን ጌታውን ብቻ ተከትሎ እንደመጣ የሚለይ የፍርድ ቃል አላገኘሁም።

ምክንያቱን ፍለጋ ወደ አንድ የታወቀ ደብዳቤ ተመለስኩ። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ነው። ሁላችንም የምናነሳው ቱርኮችን ስለመውጋትና ወዳጅነትን ስለመፈለግ የሚናገረውን ክፍል ነው። ከዚያው ደብዳቤ ውስጥ ግን ስለ ፕላውደንና ስለ ቤል የሚናገር ቃል አለ። ወዳጆቼን የገደሉብኝን፣ የገዛ ዘመዶቼ ቢሆኑም፣ በእግዚአብሔር ኃይል አጥፍቻቸዋለሁ፤ ይህንም ያደረግሁት የእርስዎን ወዳጅነት ለማግኘት ነው የሚል ሐሳብ ያለው ነው። ይህን ሳነብ ቀሃ፣ ደባርቅና ለንደን በአንድ መስመር ተያያዙልኝ። የደባርቅ ሙታን፣ ከነሥጋ ዝምድናቸው፣ ለባሕር ማዶዋ ንግሥት የወዳጅነት መያዣ ሆነው ቀርበው ነበር።

ለንደን ደብዳቤውን በየካቲት 1863 እ.ኤ.አ. ተቀበለች፤ መልስ ሳትሰጥበትም አስቀመጠችው። አፄ ቴዎድሮስ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት። የፕላውደንን ቦታ የያዘውን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ተጨመሩ፤ በመጨረሻ እስረኞቹን ለማስለቀቅ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ዙላ ላይ አርፎ ወደ መቅደላ ዘመተ።

አንባቢ እዚህ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ልብ ይበል። ፕላውደን የሞተው በፈረንጆቹ 1860 ሲሆን መቅደላ የወደቀችው በእኛ 1860፣ ሚያዝያ 6 ቀን ነው። የመቁጠሪያው ልዩነት ሲነሳ በመካከላቸው የቀረው ስምንት ዓመት ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ማስረጃ ያገኘሁት እዚያው መቅደላ ላይ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። የተላከበትን ምክንያት ግን ሽጉጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ይናገራል። እዚያ ላይ የተቀረጸው፣ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስላደረጉለት ቸርነት ንግሥቲቱ የምታቀርበውን ምስጋና የሚገልጽ ቃል ነበር።

የፕላውደን፣ የቤል፣ የጋረድ፣ የካሜሮን ስም በመጻሕፍት አለ። ደባርቅ ላይ የተገደሉት አባቶችና ወንድሞች ግን በወገራና በስሜን ልጆች ትተው ነበር። እናንተ የደባርቅና የዳባት ሽማግሌዎች፣ የየደብሩ ካህናት፣ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ስም ካለ ተናገሩ። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንና ተማሪዎችም፣ የሚያስታውሱት አዛውንቶች ሳያልፉ በየቤቱ እየዞራችሁ ጠይቁ፤ ጻፉትም።