«ዘር» እና «በራሂ» በመካንነት ሕክምና

«ዘር» የሚለው ቃል በአማርኛ ፍችው ብዙ ነው። ለሚዘራ እህል፣ ለትውልድ ሐረግ፣ ለጎሳ፣ እንዲሁም ከወንድ ለሚገኘው የመራቢያ ሕዋስ ይነገራል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በጊንጪ በሚነገረው ኦሮምኛም «ሰኚ» የተባለው ቃል እህሉንም ትውልዱንም ያመለክታል። በዚህም የተነሣ ሐኪም ልጅ ላጡ ባልና ሚስት «ችግሩ የዘር ነው» ቢላቸው፣ ነገሩ ከሕክምና ወጥቶ የቤተ ሰብ ነቀፋ ይሆናል። ለጋብቻ የትውልድ ሐረግ በሚቆጠርበት አገር ይህ አነጋገር ትዳር ሊያፈርስ ይችላል።

ሳይንሱ የሚለው ግን ሌላ ነው። በራሂ ሰውነት ፕሮቲን የሚሠራበት፣ በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። በራሂዎች ተሰናስለው የሚገኙበት ክር ሐብለ በራሂ ይባላል፤ ሐብል በግዕዝ ገመድ ነውና። ይህ ጽሑፍ ከሰው ሰው በጥቂቱ መለየቱ የበራሂ ልዩነት ነው።

ለምሳሌ፣ በሴት እንቁልጢ ውስጥ እንቁላል አሳዳጊውን ሆርሞን የሚቀበል ፕሮቲን አለ። በ680ኛው ቦታ ላይ አስፓራጂን ወይም ሴሪን የተባለ አሚኖ አሲድ ይገኛል። የሴሪኑን ዓይነት ከሁለቱም ወላጆቿ የወረሰች ሴት፣ እንቁላል እንዲጎለብት የሚሰጠው መርፌ በአማካይ ከፍ ባለ መጠን ያስፈልጋታል። ይህ የመድኃኒት ልክ ጉዳይ እንጂ የመካንነት ፍርድ አይደለም።

በወንድም በኩል ዋይ ከተባለው ሐብለ በራሂ ቁራጭ ሊጎድል ይችላል። «ኤ.ዜድ.ኤፍ. ኤ» የተባለው ክፍል ፈጽሞ ከጎደለ፣ የመራቢያ ሕዋስ በቀዶ ሕክምና የማግኘት ተስፋ የለም ማለት ይቻላል፤ «ሲ» የተባለው ብቻ ሲጎድል ግን ብዙ ጊዜ ይገኛል። ጉድለቱ አብዛኛውን ጊዜ በአባት ላይ ያልነበረ፣ በልጁ እንደ አዲስ የተከሠተ ነው። እንግዲህ «የዘር ችግር» ማለት አያት ቅድመ አያትን ያለ በደላቸው መክሰስ ነው። ሆኖም በሕክምናው የሚወለድ ወንድ ልጅ ጉድለቱን ስለሚወርስ፣ ወላጆች አስቀድመው በትክክል ሊረዱት ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ከአምቦ ወደዚያ የሚሄዱ ባለትዳሮች የሚነገራቸው ቃል ሊመረጥላቸው ይገባል። «ዘረ መል» የተለመደ ቢሆንም «ዘር»ን ይዟል፤ «በራሂ» ግን እንግዳ ቢመስልም፣ አንድ ጊዜ ከተብራራ ማንንም አያስወቅስም።